ለገጠራችን የሚደርስ የእሳት አደጋ መኪና ይሁን

ግልጽ ደብዳቤ

ለሲዳማ ክልልና ለሀዋሳ ከተማ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የግዢ ዝርዝር ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ለወረዳዎች ስለሚያስፈልገው ሁለገብ የእሳት አደጋ መኪና

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ ሀዋሳ የምኖር የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ቦቴና አይሱዙ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የምኖረው። ዘመዶቼ ግን ያሉት ሁላ ወረዳ ነው፤ ደጋው ላይ። በዓል ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ሠርግ ሲጠራ እወጣለሁ። መኪናውንም መንገዱንም ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለወረዳዎች የእሳት አደጋ መኪና ለመግዛት ስታስቡ ለከተማ የተሠራውን ትልቁን መኪና አትግዙላቸው። ብዙ ውኃ ከሚጭነው ይልቅ እሳቱ ጋ የሚደርሰው ይሻላቸዋል። እሱም በመካከለኛ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ ባለ ፎር ዊል፣ ከጅረት ውኃ መሳብ የሚችል፣ እሳት በሌለበት ቀን ለሌላ አደጋም የሚወጣ መኪና ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ከሀዋሳ ወደ ዲላ የሚወስደው አስፋልት ነው። ችግሩ ከአስፋልቱ ስትወርዱ ይጀምራል። ኮረኮንቹ ያልቅና ቀይ አፈር ይመጣል። በክረምት ያ አፈር ቅባት ነው፤ ጎማ አይዝም። በእንሰትና በቡና ጓሮዎች መሃል ያለው መንገድ አንድ መኪና በግድ ያሳልፋል። አጥሩ ግራና ቀኝ ይፋቃችኋል። ከዚያ ደግሞ ሕዝቡ በግንድ የሠራው ድልድይ አለ።

አንድ በጋ ከዘመዶቼ ሰፈር ቤት ተቃጠለ። መኪናው ከሩቅ ተነሥቶ መጣ፤ ሹፌሩም ጎበዝ ነበር። ግን የእንጨት ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትክክል ነው ያደረገው። ቢሻገር ድልድዩም መኪናውም ገደል ይገቡ ነበር። ሠራተኞቹ ቱቦ ተሸክመው በእግር ሮጡ። ቱቦው አልደረሰም። ውኃ ሞልቶት የመጣው መኪና እሳቱን ከማዶ እያየ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 10,000 ሊትር የሚጭን መኪና ውኃው ብቻ 10 ቶን ይመዝናል። መኪናው፣ ፓምፑ፣ ዕቃውና ሰዎቹ ሲጨመሩበት ወደ 20 ቶን ይጠጋል። 2,000 ሊትር የሚጭን መካከለኛ መኪና ግን ከነሙሉ ዕቃውና ከነሰዎቹ 7 ወይም 8 ቶን ቢሆን ነው። ይህ ቡና ጭኖ ከመንደር ከሚወጣው አይሱዙ ክብደት ብዙም አይርቅም። አይሱዙው የሚገባበት መንደር ይህም መኪና ይገባል።

«2,000 ሊትር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ትልቅ ቱቦ በደቂቃ 500 ሊትር ያወጣል ብንል 10,000 ሊትሩ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ትንሹ መኪና በከፍተኛ ግፊት በሚሠራው ቀጭን ቱቦ በደቂቃ 100 ሊትር ቢረጭ የእሱም 2,000 ሊትር 20 ደቂቃ ይቆያል። ቀጭኑ ቱቦ ደግሞ ሥራው ደካማ አይደለም። በ40 ባር ግፊት የሚወጣው ውኃ እንደ ጉም ይበተናል። ደቃቅ ጠብታ ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እሳቱን የሚያቀዘቅዘውም ይኼ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። በወፍራም ቱቦ የሚወርደው ውኃ ግን ብዙው መሬት ላይ ይፈሳል። ትልቁ ቱቦ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቡና መጋዘን ሲቃጠል እሱ ነው የሚያስፈልገው። ለአንድ ጎጆ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ግን ቀጭኑ ይበልጣል። 60 ሜትር ያህል በጥቅል ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ይዞት ይሮጣል።

ስለ ሻንሲው ሙያዬ ነውና ጥቂት ልበል። የኋላ ጎማዎቹ ድርብ ባይሆኑ ይመረጣል። ድርብ ጎማ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። ፒስታ ላይ ግን በሁለቱ ጎማዎች መሃል ድንጋይ ይገባና ጎማ ይበላል። ጭቃ ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ስለማይከተል አዲስ ጭቃ ይቀድዳል፤ ሞተሩን ያደክማል። ሰፊ ነጠላ ጎማ የፊቱን ዱካ ተከትሎ ይሄዳል። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላውም አብሮ እንዲገፋ የዲፈረንሻል ሎክ ይኑረው። ከፊት ዊንች፣ ማለትም በገመድ የሚጎትት መሣሪያ፣ ይታሰርለት። ሞተሩ ባለ ቱርቦ ይሁን፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዳገቱ ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ከሁሉም በላይ ግን መለዋወጫው ይርጋለምም አለታ ወንዶም የሚገኝ፣ ማንም መካኒክ የሚፈታው ዓይነት ይሁን። ፍሪሲዮን አልቆበት፣ ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ ወራት የሚቆም የእሳት አደጋ መኪና ግቢ ማስዋቢያ ነው የሚሆነው።

ታንኩ ላይ አንድ ነገር በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ውስጡ ማዕበል ሰባሪ ግድግዳዎች ይኑሩት፤ ቀዳዳ ያላቸው፣ ከላይ እስከ ታች የተከፋፈሉ። የቦቴ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ግማሽ የሆነ ታንክ ከሙሉው ይከፋል። ኩርባ ላይ ውኃው ወደ አንድ ጎን ይሮጥና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ታንኩ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሲሆን ሲሆን ከማይዝግ ብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራ። ተራ ላሜራ ሁልጊዜ ውኃ ይዞ ሲቆም ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ፓምፑን ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ውኃው። በጫኑት ውኃ ብቻ ገጠር ውስጥ እሳት አይጠፋም። የታንኩ ውኃ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይገዛል። የቀረውን ከአካባቢው መሳብ ነው። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን። ወንዝ አለን፣ ጅረት አለን፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከነገንዳቸው አሉን፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ሮቶ አለ። ሀዋሳ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ሐይቁ አለ። መኪናው እነዚህን ሁሉ እንዲጠጣ ሆኖ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ በካታሎግ የማይታይ ነገር አለ። ፓምፕ ውኃን ከታች ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። ባሕር ወለል ላይ በጽንሰ ሐሳብ ከ10 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ጥልቀት መሳብ ይቻላል። ሀዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያ ቁጥር ወደ 8 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ሁላ ላይ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። ይህም በወረቀት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃና በየመጋጠሚያው የሚገባው አየር ሲቀነስ በተግባር 5 ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። የእኛ ደጋ ጅረቶች ደግሞ መኪና ቆሞ በ5 ሜትር ቱቦ የሚደርስባቸው አይደሉም። ቤቱ ከላይ ነው፣ ውኃው ከታች ሸለቆ ውስጥ። በባሕር ወለል ላይ ተፈትኖ «ከ7 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ እዚህ ሲመጣ ለምን እንደማይስብ ሠራተኛው ግራ ይገባዋል። ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ከፍታው ነው የያዘው። ስለዚህ አቅራቢው በዚህ ከፍታ ላይ ሞክሮ እንዲያሳይ ጠይቁት።

መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውኃው መውሰድ ነው። ከመኪናው ላይ የሚወርድ፣ የራሱ ሞተር ያለው፣ አራት ሰው በመያዣው አንሥቶ ሸለቆ የሚያወርደው ፓምፕ። መሳብ ላይ ወሰን አለ፤ መግፋት ላይ ግን ብዙ መሄድ ይቻላል። በየ10 ሜትር ሽቅብ አንድ ባር ግፊት ይጠፋል። 8 ባር የሚሰጥ ፓምፕ ውኃውን 50 ሜትር ሽቅብ ገፍቶ ገና 3 ባር ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ የቱቦው ሰበቃ ትንሽ ይወስዳል። ቢሆንም መኪናው ታንክ ውስጥ ለመገልበጥ ይበቃል። ከታንኩ በኋላ ያለውን የመኪናው ፓምፕ ይጨርሰዋል።

ይኸው ፓምፕ መኪናው ላይ ታስሮ ሳለም ይሠራል። ይህ ለሣር ቃጠሎ ትልቅ ነገር ነው። የመኪናው ዋና ፓምፕ ጉልበቱን የሚያገኘው ፒቲኦ በሚባል ማውጫ በኩል ከመኪናው ካምቢዮ ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በደቂቃ 1,000 ሊትር በ10 ባር የሚሰጥ ቢሆን ይበቃናል። ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ፓምፕ የሚሠራው መኪናው ሲቆም ነው። የሣር እሳት ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ነፋስ ሲነሣ ይሮጣል። የራሱ ሞተር ያለው ፓምፕ ከታንኩ እየጠጣ መኪናው ቀስ እያለ ሲሄድ ይረጫል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ቤት ሲገባም ሦስተኛ ሥራ አለው።

ከዚህ ጋር ተጣጥፎ የሚቀመጥ የሸራ ገንዳ ይጨመር፤ 3,000 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ግንባታ ላይ ያሉ ቦቴዎች በየወረዳው አሉ። ቦቴው መጥቶ ውኃውን ገንዳው ውስጥ ደፍቶ ሌላ ለመቅዳት ይመለሳል፤ የእሳት መኪናው ሥራውን አያቋርጥም። የቦቴ ባለቤቶችን አስቀድሞ ማነጋገርና ስልካቸውን መያዝ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ መጋጠሚያ ሳልናገር አላልፍም። ይህ ትንሽ የሚመስል ግን ሥራውን ሁሉ የሚያበላሽ ነገር ነው። አንዱ መኪና ከአንድ አገር በእርዳታ ይመጣል፣ ሌላው ከሌላ አገር ይገዛል። የየአገሩ የቱቦ መጋጠሚያ ይለያያል። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ለአንዱ ውኃ መስጠት አይችሉም። በ1904 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰውላት ነበር። የብዙዎቹ ቱቦ ከከተማዋ የውኃ መስመር ጋር አልገጠመም። ከ1,500 በላይ ሕንጻዎች ወደሙ። እኛ ያንን ዋጋ መክፈል የለብንም። ለክልሉ በሙሉ አንድ ዓይነት መጋጠሚያ ይወሰን። እኔን ብትጠይቁኝ ስቶርዝ የሚባለውን እመርጣለሁ። ወንድና ሴት የለውም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በጨለማ፣ በጭስ ውስጥ፣ በጓንት እጅ ይገጠማል። በውፍረት 52 እና 75 ሚሊሜትር ብቻ እንጠቀም። ለነባር መኪኖች አስማሚ ይሠራላቸው፤ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ እዚሁ ሀዋሳ አለ። ለቡና ማጠቢያዎቹ ገንዳና ለትምህርት ቤቶቹ ሮቶም ይኸው መጋጠሚያ ይበየድ።

አሁን ስለ ቤቶቻችን። ከተማ ውስጥ የሠለጠነ ሠራተኛ የሣር ክዳን ቤት ሲቃጠል ሲያይ ውኃውን ከላይ ያወርድበታል። ክዳኑ ግን የተሠራው ውኃን ለማፍሰስ ነው። የክረምት ዝናብ የማያልፈውን ክዳን ቱቦም አያልፈውም። ውኃው በጎን ይፈሳል፣ እሳቱ ከሥር እየሄደ ይቀጥላል። ሁላ አካባቢ ቤቱ ራሱ ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ እንደ ችቦ ነው። ክዳኑን መጎተትና መበተን ያስፈልጋል። ስለዚህ መኪናው ላይ ባለ መንጠቆ ረጅም ዘንጎች ይኑሩ፤ ብረት ሆነው እየተቀጣጠሉ የሚረዝሙ። መሰላል፣ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ አካፋ፣ ዶማና የሞተር መጋዝ ይኑር። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ ርካሽ ስለሆኑም ከዝርዝሩ ይረሳሉ። ከመርካቶ እስከ ሀዋሳ ገበያ ይገኛሉ።

ለሣርና ለእንጨት የሚሆን አረፋም አለ። ለ100 ሊትር ውኃ ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚገባው፤ ለ2,000 ሊትር 10 ሊትር ማለት ነው። ውኃው ክዳኑ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ያንኑ ውኃ ብዙ እጥፍ ሥራ ያሠራዋል። አረፋው ከታንኩ ውስጥ ሳይሆን ከፓምፑ በኋላ እንዲቀላቀል ይደረግ። ታንኩ ንጹሕ ከሆነ በድርቅ ወቅት ውኃ ለሕዝብ ማመላለስ ይቻላል።

የነዳጅ እሳት ግን ሌላ አረፋ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከልቤ የማሳስበው ነገር አለ። ለነዳጅ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው አረፋ በተፈጥሮ የማይበሰብስ የፍሎሪን ኬሚካል አለበት። በዓለም ላይ ብዙ አገሮች እየተዉት ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል። ዓሣውን የምንበላው እኛ ነን። ፍሎሪን የሌለው አረፋ ይገዛ፤ በሰነዱ ላይ በግዴታ ይጻፍ። ማንም አገር መጠቀም ያቆመውን በርካሽ አምጥቶ አይሽጥልን።

ሁለገብ ያልኩት ለእሳቱ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ቦና ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ሠርገኞች የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ያን ቀን ማን ምን ቢኖረው ምን ይሆን ነበር ብዬ መናገር አልችልም፤ አይገባኝምም። ግን እንዲህ ያለ ቦታ መጀመሪያ የሚደርሰው ባዶ እጁን ያለ የመንደር ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በየወረዳው ያለ መኪና ገመድ፣ የብረት መቁረጫና መፈልቀቂያ፣ ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና የሕይወት አድን ጃኬት ይዞ ቢነሣ፣ ዊንቹም ተጨምሮበት፣ ለእነዚያ ሰዎች እጅ ይሆናቸዋል። የመኪና አደጋ ከእሳት ይልቅ በብዛት ያጋጥመናል። መኪናው በሳምንት በሳምንት ሥራ ካለው ሞተሩም ይነሣል፣ ሠራተኛውም ይለማመዳል። ቆሞ የሚከርም መኪና በጠራችሁት ቀን ባትሪው ሞቶ ነው የሚገኘው።

መብራትና ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ የገጠር እሳት ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። የመተንፈሻ መሣሪያ ቢያንስ ሁለት ይኑር፤ ለመጋዘን። ግን አንድ ሲሊንደር በከባድ ሥራ ላይ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው የሚቆየው። መሙያ ኮምፕረሰር በቅርብ ከሌለ ከአንድ ጊዜ በኋላ ባዶ ብረት ነው። ሲሊንደሩን ስትገዙ ኮምፕረሰሩን አብራችሁ ግዙ።

መኪናው የት ይቁም የሚለው ከዲዛይኑ አይተናነስም። ከሀዋሳ ተነሥቶ ሁላ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሣር ክዳን ቤት በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያልቀው። መኪናዎቹ ሀዋሳ ተሰብስበው ቢያምሩ ለሁላዋ ከተማ ለሀገረ ሰላም ምንም አይጠቅሙም። ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ሀገረ ሰላም፣ ወንዶ ገነት ይቁሙ። ወንዶ ገነት ደን አለው፤ በበጋ እሳት የሚያሰጋው ነው። ሠራተኛም እዚያው ከወጣቱ ይሠልጥን። መንገዱን የሚያውቅ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚችል የሚናገር፣ ቋንቋውን የሚናገር። በየቀበሌው ደግሞ ለቡና መርጫ የምንጠቀምበት ዓይነት የጀርባ መርጫ አዲስ ተገዝቶ፣ መድኃኒት ሳይነካው ለእሳት ብቻ ይቀመጥ። መኪናው እስኪመጣ ብልጭታውን ይይዛል።

ስለ ገንዘቡ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የምለው፣ ዋጋ ስታወዳድሩ አንዱን ትልቅ መኪና ከአንዱ ትንሽ ጋር አታወዳድሩ። በአንዱ ትልቅ መኪና ዋጋ ስንት ትንሽ እንደሚገኝና ስንት ወረዳ እንደሚሸፍን አስሉ። ሻንሲው ተገዝቶ ታንኩና ቦዲው እዚህ አገር ቤት ቢሠራ ደግሞ የሠራው ሰው ነገም ይጠግነዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢው መኪናውን ሙሉ ውኃ ጭኖ ያሳያችሁ፤ ግን እዚህ ሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ አይደለም። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግሥት፣ ሁላ ውስጥ የግንድ ድልድይ ያለበትን አንድ የቀበሌ መንገድ ምረጡ። መኪናው ይግባ፣ ፓምፑ ሸለቆ ይውረድ፣ ውኃው ዳገቱን ወጥቶ ታንክ ውስጥ ሲገባ በዓይናችሁ እዩ። ያንን ካለፈ ፈርሙ። መካኒክ ካስፈለጋችሁ እኔ ያለ ክፍያ አብሬያችሁ እወጣለሁ። እንደ እኔ የሚያስቡ የጋራዥ ጓደኞቼም አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከሀዋሳ፣ አንድ የከባድ መኪና መካኒክ